የእመት አህዪት ብርሌዎች

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። አህያ ስላችሁ ጭነት የከበዳት፣ አንገቷን የደፋች እንዳትመስላችሁ! እመት አህዪት ጠጅ ጣይ ነበረች፤ ያውም በአገሩ አቻ የሌላት። በመንደሩ ስታልፍ ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ ነው። ደግሞስ ለምን አትኮራ?

የጠጇን ዝና የሰማው ንጉሡ አያ አንበሶ እንዲህ ሲል ላከባት፦ «እሑድ እመጣለሁ። ጠጅሽ እንደሚወራለት ከሆነ፣ ጅብ በደጅሽ እንዳያልፍ አዋጅ አስነግርልሻለሁ።»

እመት አህዪት ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። እናቷን የበላት ጅብ ነው። እሷም ብትሆን በሯን በወይራ ግንድ ሳትደግፍ ተኝታ አታውቅም።

ወሬው ጅብና ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ «ወይኔ! ስንት ዘመን የተመኘኋት አህያ ልታመልጠኝ ነው!» እያለ አለቀሰ።

«ዝም በል እስቲ!» አለው ቀበሮ። «ንጉሥ ጠጅ የሚጠጣው በምንድን ነው? በብርሌ አይደል? ብርሌዎቿን እኔ አመጣልሃለሁ፣ አንተ ትቀብራለህ። ንጉሡ መጠጫ ሲያጣ ተቆጥቶ ይጥላታል። ከዚያ ጠጁ ለእኔ፣ ሥጋው ለአንተ።»

በማግስቱ ቀበሮ ከአህያ ደጅ ቆሞ እጅ ነሣ። «እንደምን አደሩ፣ እመት አህዪት! የቤትዎን ዕቃ አይቶ ያልተደነቀ የለም ሲሉ ሰምቼ፣ እኔም ልይ ብዬ መጣሁ።»

ይቺ ምስኪን ሙገሳ ነፍሷ ነው። «ይግቡ፣ ይግቡ! ይኸ ጋኔ ነው። በግራዋ ቅጠል አሽቼ አጥቤ፣ በወይራ ጭስ ሳላጥነው ማር አይገባበትም። ይኸ ደግሞ ማጥለያዬ፤ አንዲት ጉድፍ አታልፈውም። ብርሌዎቼንስ አዩልኝ? አንገታቸው የጠበበው የጠጁ ሽታ እንዳያመልጥ ነው። ሲጠጡ አንገቱን ነው የሚይዙት፤ ሆዱን ከጨበጡት ጠጁ ይሞቃል።»

«እሰይ! እንዲህ ያለ ብርሌ ቤተ መንግሥትም የለ! ነገ ልጄን ክርስትና ላነሣ ነው፤ እስከ እሑድ ጠዋት ቢያውሱኝስ? እንግዶቼ ‹የማን ነው?› ሲሉኝ፣ ‹የእመት አህዪት ነው› እላቸዋለሁ።»

ይህቺን ስትሰማ አለቀላት። ብርሌዎቿን ሁሉ በሣር ጠቅልላ፣ በገዛ እጇ አስረከበችው።

እሑድ ጠዋት ብርሌ የለ፣ ቀበሮም የለ። አያ አንበሶ ግን በሰዓቱ መጥቶ ተቀመጠ። ከጎኑስ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ቀበሮ!

«ብርሌዎቼስ?» አለችው አህያ።

«የምን ብርሌ?» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ቀጥሎም ወደ አንበሳ ጆሮ ጠጋ አለ። «ንጉሥ ሆይ፣ መጠጫ ዕቃ እንኳ የላትም። ውሃ በምትጠጣበት ገንዳ ትቅዳልዎት እንጂ!»

እመት አህዪት ግን ጆሮዎቿን ቀጥ አደረገች። «ንጉሥ ሆይ፣ ሞኝ ሆኜ ብርሌዎቼን ላሞገሰኝ ሰጠሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢሆንም ለንጉሥ በገንዳ ጠጅ አልቀዳም! ጠጄን አላዋርደውም። ከፈለጉ ይብሉኝ!»

የአንበሳ ፊት ጠቆረ። ቀበሮ በልቡ ሳቀ።

በዚህ መሀል «እኧ! እኧ! እኧ!» የሚል ጩኸት ተሰማና አያ ጅቦ እየተንደረደረ ገባ። ምላሱ ላይ ብርሌ ተንጠልጥሏል! ለካስ ሊቀብራቸው ሲል ከአንዱ የማር ሽታ ሸቶት፣ ምላሱን አስገብቶ ቢምገው፣ ብርሌው ምላሱን ይዞ ቀረ። እንዳይሰብረው ስባሪው ምላሱን ሊቆርጠው ነው። ጨንቆት ወደ ባለቤቲቱ ሮጠ።

እመት አህዪት ያንን መንጋጋ ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ ብርሌዋን አየች። ለብ ያለ ውሃ አምጥታ በብርሌው ላይ ቀስ እያለች ስታፈስበት፣ ብርሌው ሞቆ ምላሱን ቷ! አድርጎ ለቀቀው።

«ለምላስህ ብዬ እንዳይመስልህ፤» አለችው። «ለብርሌዬ ነው!»

«ማን ሰጠህ?» ብሎ አገሣ አንበሳ።

«ቀበሮ ነዋ!» አለ ጅብ። «ከቀበርክ አህያዋን ትበላለህ ብሎኛል። አሁን ልብላት?»

አንበሳ ዘወር ሲል ቀበሮ የለም። በጓሮ በኩል እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄዷል።

እመት አህዪት ብርሌዋን ደጋግማ አጠበች። ከጋኗ ቀድታ ወደ ብርሃኑ ከፍ ስታደርገው ጠጁ ጥርት ብሎ ታየ። አያ አንበሶ የብርሌውን ሆድ ሊጨብጥ ሲል «አንገቱን ይያዙ!» አለችው። ንጉሡም እንደታዘዘው አንገቱን ያዘ።

እስኪያልቅ ጠጣና ተነሣ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጅ ጅብ አያልፍም! ያለፈ እንደሆን ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!»

ጅብ የቀሩትን ብርሌዎች ከጉድጓዱ አውጥቶ፣ ራቅ ካለ ቦታ አስቀምጦላት ሄደ። እመት አህዪትም በሯን ትደግፍበት የነበረውን የወይራ ግንድ ፈልጣ፣ የሚቀጥለውን ጋን አጠነችበት።

ከዚህ የምንማረው በእጃችን ሥራ መኩራት ደግ መሆኑን፣ ያሞገሰን ሁሉ ግን ወዳጃችን አለመሆኑን ነው።