ደብዛዛዎቹ ጥንድ ኮከቦች

አንድ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር፤ ስሙ ልሳነወርቅ ይባላል። ተራራ ላይ ወዳለ የምርምር ጣቢያ ሲመደብ ሚስቱ ስንዱ የአዋላጅነት ትምህርቷን አቋርጣ ተከተለችው። የሚያጠናው በትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ በጭንቅ የሚታዩ ጥንድ ኮከቦችን ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ተስፋ ቆርጠው ትተዋቸዋል። እሱ ግን አልተዋቸውም።

የተራራው ብርድ ለስንዱ ደረት አልተስማማም። ሐኪም መርምሯት፣ "እዚህ ከቆየች ሳንባዋ አይድንም፤ ቆላ ትውረድ" አለ። ስንዱ ግን ብቻዋን ሄዳ የምታርፍበት ዘመድ አልነበራትም።

"ይህን በጋ ብቻ ታገሺኝ፤ ልጨርስ ነው" አላት ልሳነወርቅ። ታገሠችው። በጋው አልፎ ሌላ በጋ ሲመጣም ያንኑ ደገመላት።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ "በመጨረሻ ገባኝ" አላት። "አንደኛው ነጭ ድንክ የሚባል፣ ነዶ ያለቀ ኮከብ ነው። ነገር ግን ኃይለኛ ማግኔት አለው። አጠገቡ ያለችውን ኮከብ ገላዋን በስበቱ እየገፈፈ፣ በማግኔቱ ወደ ራሱ ይነዳዋል።"

"እሷስ ምን ትሆናለች?" አለች ስንዱ።

"እያነሰች ትሄዳለች።"

"መራቅ አትችልም?"

"አትችልም፤ ይዟታል።"

ስንዱ ሳሏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና፣ "እሱስ ያውቃል?" ብላ ጠየቀችው።

ልሳነወርቅ ሳቀ። "ኮከብ እኮ ነው ስንዱዬ፤ ምን ያውቃል?" ብሎ ምሳውን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ሄደ።

ክረምቱ ሳይወጣ ስንዱ አረፈች። የገነዟት ሴቶች ሰውነቷ እንዴት እንዳለቀ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰማ። አብሯት የኖረው እሱ ግን መቼ እንደዚያ እንደከሳች ማስታወስ አልቻለም።

በዓመቱ ግኝቱ ታወቀና በትልቅ ጉባኤ ላይ እንዲናገር ተጋበዘ። ከታዳሚዎቹ አንዲት ሴት ተነስታ፣ "ኮከቧ እየቀነሰች መሆኗን እንዴት ሊያስተውሉ ቻሉ?" አለችው።

"ሁልጊዜ ትኩር ብዬ ስለማያት..." ብሎ ጀመረ። መጨረስ አቃተው። ወረቀቱን ሰብስቦ ከመድረኩ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ቴሌስኮፕ አልነካም። ይህም ቢሆን ለስንዱ የፈየደላት ነገር የለም።

ወዳጆቼ፣ አብሮን የሚኖር ሰው ዝም ሲል ምንም ያልጎደለበት ይመስለናል። እየታገሠን የሚያልቅ ሰው ግን አለ፤ ካለቀ በኋላ መንቃታችን አይመልሰውም። ለመሆኑ እናንተ "ትንሽ ታገሠኝ" ያላችሁት ሰው ማነው? ዛሬ ፊቱን አይታችሁታል?