የፒራሚዱ አምስተኛ ፊት

"ጆሮ አላችሁ?"

"አለን!"

"እንግዲያው ለትንሽ ጊዜ አውሱኝ።"

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአናጢው በጋሽ ሽብሩ ጓሮ አንድ የእንጨት ፒራሚድ ነበረ። መሠረቱ አራት ማዕዘን፣ አናቱ ሹል፣ ኩራቱ ደግሞ ከአናቱም በላይ። ጋሽ ሽብሩ ወደ ገበያ ሲወጡ ብሩሽን ጠሩና፣ "ነገ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ አፈር ላይ ይቀመጣል። ምስጥ እንዳይበላው ፊቱን በሙሉ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው" አሏት።

ብሩሽ እየዞረች ቀባች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ፊት! ጨረስኩ።"

ምስጥ ከአፈር ብቅ አለ። "አራት ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ። እጅሽ ይባረክ!" ይሄ ደግሞ መቼ ነው የሰው ሥራ አመስግኖ የሚያውቀው?

ሲባጎ በየጠርዙ ተሳበች። "ወደ ላይ የሚወጡት አራት፣ ታች ዙሪያውን አራት። ስምንት ጠርዝ!"

"ስምንት ነው። በቃ፣ ግቡና እረፉ" አለ ምስጥ።

ዶሮ መጥታ በመንቁሯ ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አደረገች። "ታች አራት፣ አናቱ ላይ አንድ። አምስት ጫፍ!"

አሁን ምስጥ የለም። ከዶሮ ጋር ወሬ አይወድም።

ጥግ ላይ ተጠቅልለው የተኙት አባ ሜትር ቀና አሉ። "ቆዩ ልጆቼ፤ ፒራሚድ እኮ በጫፉ ልክ ፊት አለው። አራቱ የታች ጫፎች ከአራቱ የቆሙ ፊቶች ጋር ይጣመሩ። የአናቱስ ከማን ጋር ይጣመር? አንድ ፊት ጎድሏል።"

"የት ሄዶ?" አለች ብሩሽ።

"የተቀመጠበት ነዋ! ገልብጡት።"

ፒራሚዱ ጮኸ። "እኔን? በአናቴ? ሰው ምን ይለኛል? አራት ይበቃኛል አባ!"

"እውነቱን ነው፣ አታዋርዱት!" አለ ምስጥ።

ድምፁ የመጣው ከፒራሚዱ ሥር ነበር። ፒራሚዱ ዝም ብሎ ቢያዳምጥ፣ ከሆዱ በታች ቀርጠፍ ቀርጠፍ ይላል። ክው አለ።

"ገልብጡኝ! ኧረ ቶሎ ገልብጡኝ!"

ተጋግዘው ገለበጡት። አምስተኛው ፊት ላይ ምስጥ አፉን በእንጨት ሞልቶ ተቀምጧል።

"እኔ እኮ ልቆጥርላችሁ..." ብሎ ሳይጨርስ ዶሮ ለቀም አደረገችው። ብሩሽም ያንን ፊት ደጋግማ ቀባችው፤ ፒራሚዱም ተዘቅዝቆ፣ "ድገሚኝ!" ይላት ነበር።

እናንተም ልጆቼ፣ የሚታየውን ቆጥራችሁ ጨረስን አትበሉ። ልገልብጣችሁ ያላችሁን ሰውም አትቆጡት፤ መገልበጥ ያፈረ ከሥሩ ይበላል።