ኩሬው ያሳየው ሽኮኮ

ተረት አለኝ! «ይምጣ!» በሉኛ። አዎ፣ እንደሱ። ካላችሁኝ እነሆ መጣ። የሚያዛጋ ካለ ግን ከአሁኑ ወደ ኋላ ይቀመጥልኝ፤ የሚያዛጋ አፍ እያየሁ ተረት አይወጣልኝም።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት እንደኛ በሚያወሩበት፣ ዕቃና ውሃም ዝም ማለት በማያውቁበት ዘመን፣ አንድ ሽኮኮ ነበረ። ቀንድ የለው፣ ክንፍ የለው፣ ጭራ እንኳ የለው። እንስሳቱ ባዩት ቁጥር «አንተ ሽኮኮ፣ ጭራህን የት ጥለኸው ነው?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቅና ከሚኖርበት ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ለብቻው ይተክዛል።

ያለው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ምላሱ ነው። ሌላው ከዋንዛ የተጠረበ አሮጌ ገበጣ ነው፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው፣ ነገረኛ፣ ልቡ ግን ቅን የሆነ ገበጣ። ሽኮኮ «አያ ገበጣ» ይለዋል። የሚያጫውተው ሲያጣ ቀኝ እጁን ከግራ እጁ ጋር ያጫውታል፤ ጠጠሮቹን ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሲያድል በአፉም ይለፈልፋል።

«ቀኝ እጅ መጣ! አራት አነሳ! አንድ ጣለ፣ ሁለት ጣለ፣ ሦስት ጣለ፣ ወይኔ! አራተኛው ባዶ ቤት ገባ! ግራ እጅ ሆይ፣ ተራው ያንተ ነው፤ እንዳታሳፍረኝ!»

ከዓለቱ ሥር አንድ ኩሬ ነበረ። ኩሬው ይህን ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን ተናገረ።

«ምን ታጉተመትማለህ? ድምፅህን ከፍ አድርገው እንጂ!» አለ።

«ለማን ብዬ?» አለ ሽኮኮ።

«ለእኔ! እኔ የውሃዎች ሁሉ ዓይን ነኝ። እኔ ያየሁትን ምንጭ ያሳየዋል፣ ወንዝ ያሳየዋል፣ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣ ሁሉ ያየዋል። አንተ ተጫወት፣ እኔ ላሳይህ።»

«አንተስ ምን ታገኛለህ?»

«መታየት ነዋ! ሁሉም ጠጥቶኝ ብቻ ሲሄድ አይከፋኝም?»

አያ ገበጣ ጉሮሮውን ጠራረገና «የዚህ ኩሬ አፍ ይለሰልሳል፤ ኋላ እንዳታማርር» አለ። ሽኮኮ ግን መች ሰማ! ጠጠሩን አንሥቶ ጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን ድኩላ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ውሃው ውስጥ ሽኮኮን አየች፤ መጠጣቱን ረሳችው። በሁለተኛው ቀን ከርከሮና ጃርት አዩት፤ ወንዙ ዳር ተኝተው አደሩ። በሦስተኛው ቀን አንበሳ አየው። አንበሳ ሆዬ ሳይጠማው በቀን ሦስት ጊዜ ይጠጣ ጀመር፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ!

ሽኮኮ በገበጣ ብቻ አላቆመም። ዝንጀሮዎችን ዓለቱ ላይ አስቀምጦ ከጠብ በኋላ እንዴት እንደሚታረቁ ጠየቃቸው። ቆቆችን ጠርቶ ሠርጋቸውን አሳየ። ዝሆኖችን ጠርቶ ለቅሷቸውን አሳየ፤ ያን ቀን ጅብ ወንዝ ዳር ቆሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጅብ እኮ ነው የምላችሁ! ጎረቤት ለጎረቤት ባዳ ሆኖ የኖረ አገር እርስ በርሱ ተዋወቀ። «አንተ ሽኮኮ» መባል ቀረና «አያ ሽኮኮ» ተባለ። የጭራው ነገር የማንም አፍ ላይ አልነበረም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሽኮኮ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «በሉ፣ እናንተም መሬት ቆፍሩ፣ ጠጠር ልቀሙ፣ ሞክሩት!»

ኩሬው ይህን አይወድም። «ተው ይህቺን ነገር፤ ቀና ካሉ እኮ አያዩኝም» ይላል።

«ጨዋታ ታይቶ ብቻ ይቀራል እንዴ?» ይላል ሽኮኮ።

ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ክረምት ግን እሱን የሚያየው ዓይን ይጎድል ጀመር። ዛሬ ድኩላ ቀረች፣ ነገ ቆቆች ቀሩ፣ ከነገ ወዲያ አንበሳ ራሱ ጠጥቶ ወዲያው ሄደ። ሽኮኮ ደነገጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የፈራው ረሃብ አይደለም። የፈራው ያ «አንተ ሽኮኮ» ተመልሶ እንዳይመጣበት ነው።

«ምን ይሻለኛል?» አለው ኩሬውን።

«ዝለል፣ ጩህ፣ ውደቅ!» አለው ኩሬው። ሽኮኮ ዘለለ፣ ጮኸ፣ ከዓለቱ ተንከባሎ በአፍንጫው ወደቀ። ዓይኖቹ መጡ፣ ሦስት ቀን ሳቁ፣ ሄዱ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጠብ ነው የሚያስፈልግህ። ከርከሮ ጃርትን ‹እሾህ እንጂ ጭንቅላት የለውም› ብሎ ሰደበው በል።»

«መች ሰደበው?»

«ይስደብ አይስደብ ማን ይጠይቃል?»

ሽኮኮም ወደ ውሃው ዞሮ ያንኑ አለው። አዎ፣ አለው! እኔም እንደናንተ አዝኛለሁ፤ የሆነውን ግን አልደብቅም። ዓይኖቹ እንደ ጎርፍ መጡ፣ ሰባት ቀን ተንጫጩ፣ ሄዱ። አያ ገበጣም ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፎ ዝም አለ።

«አሁንስ?» አለ ሽኮኮ።

«አሁን አንድ ነገር ቀርቶሃል። የገበጣውን ሕግ በየቀኑ ቀይረው። ‹የትናንቱ ዛሬ አይሠራም› በላቸው። ለብቻቸው መጫወት ሲያቅታቸው ዘላለም አንተን እንዳዩ ይኖራሉ።»

ሽኮኮ አፉን ከፈተ። ያኔ አያ ገበጣ ተናገረ።

«ይህን ካደረግህ ፈልጠህ አንድደኝ። አንተ ሞኝ፣ ‹ዓይን ጎደለ፣ ዓይን ጎደለ› ትላለህ፤ የት እንደሄዱ ግን አንድ ቀን ጠይቀሃል? ተነሥ፣ እዘለኝ፣ ሄደን እንይ!»

ሽኮኮ ከዓለቱ ርቆ ሄዶ አያውቅም፤ በሰማይ ንስር አለ፣ በምድር ነብር አለ። ግን አፉን ዘጋ፣ ገበጣውን አዘለ፣ መንገድ ጀመረ።

መጀመሪያ የደረሰው ከርከሮና ጃርት ዘንድ ነው። ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አሥራ ሁለት ጉድጓድ አለ፤ ሣር ወርሶታል። ሽኮኮ ወደ ጃርት ጠጋ አለ።

«ከርከሮ አልሰደበህም» አለው ለጃርት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዓይን ፈልጌ ነው።»

ጃርት እሾሁን አቆመ። «ልውጋህ?»

«ውጋኝ።»

ጃርት አንዲት እሾህ መቀመጫው ላይ ሰካበት። ሽኮኮ «ኡኡ!» ብሎ ሲዘል ከርከሮ ሳቀ፤ ከርከሮ ሲስቅ ጃርት ሳቀ። ሣሩን እየነቀሉ ሲጨቃጨቁ ትቷቸው ሄደ፦ «ማን ይጀምር?» «እኔ!» «አይ፣ እኔ!»

ቀጥሎ የደረሰው አንበሳ ዘንድ ነው። አንበሳ ከጦጣ ጋር ተፋጦ ተቀምጧል፤ ጠጠሩ ሁሉ ጦጣ ጋ ነው።

«አያ ሽኮኮ!» አለ አንበሳ ቀና ሳይል። «አትቀየመኝ፣ ውሃ ዳር የምቆይበት ጊዜ አጣሁ፤ ይህቺ ጦጣ ፋታ ነሳችኝ! በል ዘወር በልልኝ፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ!»

ሽኮኮ ዘወር አለለት። መንገዱ ላይ አንዲት ምንጭ ነበረች። ጎንበስ ቢል እንቁራሪት ስትዘልና ስትጮህ አየ፤ የኩሬውም ድምፅ ተሰማ። «ሽኮኮ፣ እንቁራሪት ቦታህን ልትወስድ ነው፤ ቶሎ ተመለስ!» ሽኮኮ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ መንገዱን ቀጠለ።

በመጨረሻ ከአገሩ ዳር፣ ምንጭም ወንዝም ከሌለበት ደረቅ ሜዳ ደረሰ። እዚያ ጥንቸሎች ክብ ሠርተው ተሰብስበዋል። በመካከላቸው አንዲት እመት ጥንቸል ጠጠር ታድላለች። በሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ! ስታድልም ትለፈልፋለች፦ «አንድ ጣልኩ፣ ሁለት ጣልኩ...»

ሽኮኮ በጥንቸሎቹ መካከል ሾልኮ ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ይህን ጨዋታ ውሃ ውስጥ አይተሽው ነው?»

«ምን ውሃ?» አለች። «እኛ የማለዳ ጤዛ ነው የምንልሰው፤ ውሃ ዳር ሄደን አናውቅም።»

«ታዲያ ማን አስተማረሽ?»

«ጎረቤት ነዋ። ጎረቤቴን ጎረቤቷ። በአገሩ ሁሉ የሚጫወቱት እኮ ነው፤ አንተ ከየት ነው የመጣኸው? ና፣ ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ተጫወቱ። ሽኮኮ ያለ የሌለ ችሎታውን አወጣ፤ በገበጣ ማንም አሸንፎት አያውቅም ነበር። እመት ጥንቸል ግን አንድ ጣለች፣ ሁለት ጣለች፣ ሦስት ጣለች፣ ጠጠሩን ጠራርጋ ወሰደችው። ጥንቸሎቹ እልል አሉ።

«አይዞህ ወንድሜ» አለችው። «ክፉ አትጫወትም፤ እጅህ ይቸኩላል እንጂ። ትንሽ ብትቆይ አስተምርሃለሁ።»

አያ ገበጣ ከጀርባው ጎሸመው። «ንገራታ! ማን እንደሆንክ ንገራታ!»

ሽኮኮ ሜዳውን አየ። እዚያም ጉድጓድ፣ እዚህም ጉድጓድ፤ እዚያም ጭቅጭቅ፣ እዚህም ሳቅ። ስሙን የሚያውቅ አንድም የለም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

«አስተምሪኝ፣ እህቴ» አለ፣ ጠጠሩንም ከመሬት ለቀመ።

ተረቴ ይህችው ናት፤ ለአፌ ዳቦ አልጠይቃችሁም። ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ የሠራችሁት ነገር ስማችሁ ከማይታወቅበት አገር ቀድሟችሁ ደርሶ ካገኛችሁት፣ ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ።