የአቶ ልሳነወርቅ ዶሮና የተዘጋው የአናጢ ቤት

እንካችሁ ስላችሁ አምጪ በሉኝ። እንካችሁ!

በወሎ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሆዳቸው ስንዴና ገብስ አይቀበልም። ሐኪሙ «ግሉተን የሚሉት ነገር ነው የሚጎዳዎት፤ ፍርፋሪውም እንዳይነካዎት» ብሏቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ታዲያ እሑድ እሑድ አንድ ምግብ ይሠሩላቸው ነበር። ድንቹን ትሪ ላይ ይደለድላሉ፤ ዶሮዋን በሎሚ፣ በጨውና በነጭ ሽንኩርት አሽተው ከላይ ያስቀምጣሉ፤ ዘይት ጠብ አድርገው፣ የጥብስ ቅጠል በትነው ምድጃ ይከታሉ። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። አቶ ልሳነወርቅም ትሪውን በጣታቸው እስኪጠርጉ ይበላሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት ታመሙ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

አቶ ልሳነወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ልጃቸው ማስረሻ ሽሮ ብታቀርብ አልበላም አሉ፤ የጤፍ ገንፎ ብታቀርብ አልበላም አሉ። ጉንጫቸው ጎደጎደ፤ የእጃቸው አጥንት ወጣ። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አባባ፣ ምን ላምጣልህ?» አለች።

«እናትሽ የምትሠራትን ዶሮ» አሉ ለግድግዳው። «ከእሷ በቀር ምንም አልበላም።»

ማስረሻ ገበያ ሮጠች። ዶሮዋን ገዛች፣ አጠበች፣ አሸች፤ ድንቹን ደለደለች። ቤታቸው ግን መጋገሪያ ምድጃ የለም። እናቷ ዶሮዋን የሚያበስሉት ዳቦ ሻጯ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ነበር። ትሪውን ታቅፋ ሄደች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ምድጃዎን ይፍቀዱልኝ። አባባ ዶሮ አማረው።»

እትዬ ደብሪቱ እንባቸው ቀደማቸው። «በሞትኩት! ምድጃውስ ያንቺው ነው። ግን የስንዴ ዳቦ ሲጋገርበት ነው የከረመው። እናትሽ የሺ ፍርፋሪውን በከባድ እሳት አቃጥላ፣ በአመድ ፈትጋ ነበር የምታጠራው። እኔ ቤት ያለው ጭራሮ ነው፤ ጭራሮ ያን ያህል እሳት አይሰጥም። ወፍራም ፍልጥ አምጪልኝና እኔው ራሴ አጠራልሻለሁ። እንዲሁ ጋግሬማ ሰውዬውን ልግደለው?»

አባቷ ያለ ዶሮ አልበላም አሉ፤ ዶሮዋ ያለ ምድጃ አልበስልም አለች፤ ምድጃው ያለ ፍልጥ አልጠራም አለ። ማስረሻ ወደ እንጨት ፈላጩ ወደ ጋሽ ሙሄ ሄደች።

ጋሽ ሙሄ ግንድ ላይ ተቀምጠው ዛቢያ የሌለው የመጥረቢያ ብረት በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ልጄ፣ ግንዱ ይኸው፤ ጉልበቱም አለ» አሏት። «ዛቢያው ነው የተሰበረው። ሌላ ብከትበት ገና ስሰነዝር ይሰነጠቃል። የሚበረክተው የአጎትሽ የዳምጤ ሥራ ነበር። እሱ የሥራ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ እኔም ሥራ ፈታሁ። እስቲ አንቺ ለምኚው፤ አላህ ልቡን ያራራልሽ።»

አባቷ ያለ ዶሮ አልበላም አሉ፤ ዶሮዋ ያለ ምድጃ አልበስልም አለች፤ ምድጃው ያለ ፍልጥ አልጠራም አለ፤ ፍልጡ ያለ መጥረቢያ ከግንዱ አልወጣም አለ፤ መጥረቢያው ያለ ዛቢያ አልቆርጥም አለ። ማስረሻ ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ዳምጤ ሄደች።

ጋሽ ዳምጤ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። የሥራ ቤታቸው በር በሰንሰለት ታስሯል፤ እሳቸው ከውጭ፣ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አጎቴ፣ አንድ ዛቢያ ብቻ።»

«እጄ የአናጢ ዕቃ አይነካም።»

«ስለ እማማ ብለህ።»

«ስለ እሷ ብዬ እኮ ነው!» አሉ። «የሬሳ ሣጥኗን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው በግዴለሽነት እንዳይሠራባት ብዬ እያለቀስኩ ላግኩት። ክዳኑን ስመታ አባትሽ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹በገዛ እጅህ ቸነከርክባት!› አለኝ። መዶሻ ባነሣሁ ቁጥር ያን ቃል እሰማለሁ። የተናገረው ሰው መጥቶ ቃሉን ካላነሣልኝ ይህ በር አይከፈትም።»

ማስረሻ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ እንደተኙ ናቸው። ለጀርባቸው ነገረቻቸው።

«አባባ፣ አንተ ያለ ዶሮ አልበላም አልክ፤ ዶሮዋ ያለ ምድጃ አልበስልም አለች፤ ምድጃው ያለ ፍልጥ አልጠራም አለ፤ ፍልጡ ያለ መጥረቢያ ከግንዱ አልወጣም አለ፤ መጥረቢያው ያለ ዛቢያ አልቆርጥም አለ፤ ዛቢያው ያለ አናጢ አልቀረጽም አለ፤ አናጢው ያለ አንተ በሬን አልከፍትም አለ። ታዲያ እኔ ወዴት ልሂድ? እኔም እኮ እናቴ ሞታብኛለች።»

አቶ ልሳነወርቅ ከግድግዳው ቀስ ብለው ዞሩ። የልጃቸውን ፊት አዩ። እሷም ከስታለች፤ እስከዚያች ሰዓት ግን አላስተዋሉም ነበር።

«ጋቢዬን አቀብይኝ» አሉ።

አጥር እየያዙ፣ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ ሄዱ። ጋሽ ዳምጤ ሲያዩአቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ዳምጤ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ «ሞትን ይዤ ልጣላው አልቻልኩም። የምጣላው ባጣ ካንተ ተጣላሁ። እንዲያ አሳምሮ ማን ይሸኛት ነበር? ቃሌን አንሥቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

ጋሽ ዳምጤ ተነሥተው ትከሻቸውን ያዙ። ከጋቢው ሥር እጃቸው ያገኘው አጥንት ብቻ ነው። «ወየው፣ ሰውነትህ የት ሄደ!» ብለው ጮኹ። ሁለቱ ሰዎች በቀብሩ ዕለት አብረው ያላለቀሱትን ለቅሶ እዚያች በር ላይ አለቀሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፤ ማንም ግን ዝም በሉ ብሎ አልመጣም።

አባቷ ተነሥተዋልና አናጢው በሩን ከፈቱ፤ አናጢው ከፍተዋልና ዛቢያው ተቀረጸ፤ ዛቢያው ተቀርጿልና መጥረቢያው ቆረጠ፤ መጥረቢያው ቆርጧልና ፍልጡ ከግንዱ ወጣ፤ ፍልጡ ወጥቷልና ምድጃው ጠራ፤ ምድጃው ጠርቷልና ዶሮዋ በሰለች። እትዬ ደብሪቱ ትሪውን በጨርቅ ይዘው ቤት ድረስ አመጡት፤ ጋሽ ዳምጤም ተከትለው ገቡ። ድንቹ ጠርዝ ጠርዙ ቀልቷል፤ የዶሮዋ ቆዳ ይንጣጣል።

ማስረሻ እጅ አስታጠበች። አቶ ልሳነወርቅ ከዶሮዋ አንድ ቁራጭ አንሥተው ረጅም ጊዜ አኘኩ። ሁሉም አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«የእናትሽ አይደለም» አሉ።

የማስረሻ ዓይን እንባ ሞላ።

«የእሷ አይደለም። የእሷን ዳግመኛ አልቀምሳትም» አሉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ አንድ ድንች አነሡ፤ ከዚያም ሌላ። «ያንቺ ሎሚው ይበዛል። በይ፣ ጨምሪልኝ።»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን ዛሬ በዳቦ አይደለም፣ በድንች አብሱ።