አላንኮራፋም ያለው ግንበኛ

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ስሙ ሲራክ። ድንጋይ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ የኖረ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ የሠፈሩ ሰው «ብረቱ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሐኪም ቤት የገባው የታመመ ሰው ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ከዚያ ግን ብሽሽቱ ላይ እብጠት ወጣበት። ከባድ ነገር ባነሣ ቁጥር እብጠቱ እየጨመረ መጣ። ሐኪሙም አየውና «ሄርኒያ ነው፤ የሆድህ ግድግዳ ላልቶ አንጀትህ እየሾለከ ነው፤ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል» አለው።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ወጣት ሴት ወረቀት ይዛ ወደ አልጋው መጣች። ሰናይት ትባላለች፤ የሰመመን ባለሙያ ናት።

«ጋሽ ሲራክ፣ ነገ የማስተኛዎት እኔ ነኝ። ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ፣ ልጄ።»

«የደም ግፊት አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ስኳርስ? አስም?»

«ምን በወጣኝ!»

«እንቅልፍ ላይ ያንኮራፋሉ?»

ሲራክ ደረቱን ነፋ። «እኔ? እንደ ሕፃን ነው የምተኛው!»

መዋሸቱን ልቡ ያውቀዋል። በእሱ ማንኮራፋት የተነሣ ተከራያቸው ቤት ለቆ ሄዷል። ነገር ግን «አንድ እንከን ካገኙብኝ ቀጠሮዬን ያራዝሙታል፤ የጀመርኩት የትምህርት ቤት አጥር ክረምት ይገባበታል» ብሎ ፈራ። ደግሞም ብረቱ የተባለ ሰው በልጁ ዕድሜ ላለች ሴት «አንኮራፋለሁ» ማለት አሳፈረው።

ሰናይት ወረቀቱን አላጠፈችም። እያነጋገረችው ዐይኑ ሁለት ጊዜ ክድን ሲል አይታለች። የአንገቱንም ውፍረት ልብ ብላለች።

«ባለቤትዎ ነገ ይመጣሉ?»

«ምን ያደርጉልሻል? ሥራ አላቸው።»

«ግድ የለም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሲራክ አረንጓዴ ጋውን ለብሶ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተጋደመ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ናሆም እጁን ሊታጠብ ሲል ሰናይት «ባለቤታቸውን ሳላነጋግር አላስተኛቸውም» አለችው።

«ሰናይት፣ ዛሬ እኮ ስድስት ሰው ይጠብቀናል።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር። አሥር ደቂቃ ብቻ ስጠኝ።»

አሥሩ ደቂቃ ሳያልቅ ሰናይት ያስጠራቻት የሲራክ ሚስት ወይዘሮ ዝማም እያለከለከች ደረሰች። ሰናይትም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ያንኮራፋል ወይ?» አለች ዝማም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እህቴ፣ የጎረቤት ውሻ እኮ ነው የሚጮኽበት!»

ነርሶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዶክተር ናሆምም ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ሲራክ አንሶላውን ወደ ላይ ስቦ ፊቱን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ዝማም ግን አልሳቀችም።

«ማንኮራፋቱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፤ ሲዘገይብኝ ጎኑን በክርኔ እጎሽመዋለሁ። ያን ጊዜ ነው የሚመለሰው። ይኸው ስምንት ዓመቴ።»

ሲራክ አንሶላውን ለቀቀ። ያ ሁሉ ዘመን ክርኗ ጎኑ ላይ ሲያርፍ በጩኸቱ የተማረረች ይመስለው ነበር። አንድም ቀን ትንፋሹን እየጠበቀችለት እንደሆነ አልጠረጠረም።

ሰናይት አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሽ ሲራክ፣ እኛ የምንሰጠው መድኃኒት ከተለመደው እንቅልፍ የባሰ ጡንቻ ያላላል። እርስዎ ሲተኙ የሚዘጋው ጉሮሮ ያን ጊዜ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ተነሥ ብሎ የሚያነቃዎት ክርንም አይኖርም። አሁን ግን ስላወቅን አንፈራም። ከወገብዎ በታች ብቻ እናደነዝዛለን። እርስዎ ነቅተው ይቆያሉ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መርፌም አንጨምርም።»

«ቀጠሮዬስ?»

«ዛሬ ነው፤ አሁኑኑ።»

ዶክተር ናሆም ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ተባረኪ» አላት፤ «እኔ ቸኩዬ ነበር።»

ሰናይት ምናልባት ካስፈለገ ብላ ኦክስጅኑንና የመተንፈሻ ቱቦውን በእጇ አቅራቢያ አሰናዳች። ከዚያም ሲራክን ጎንበስ አድርጋ ጀርባው ላይ ወጋችው። ወዲያው እግሮቹ የእሱ አልመስል አሉት። ሥራው ተጀመረ። እሱ ግን ምንም ሳያመው ጣሪያውንና ግድግዳውን ያይ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ፦

«ይህን ሴራሚክ የለጠፈው ማን ነው?» አለ። «ሦስተኛው ረድፍ ጠሟል እኮ!»

«ጋሽ ሲራክ፣ እባክዎ አያስቁኝ» አለ ዶክተር ናሆም። «እጄ ላይ ያለው ምላጭ ነው!»

ሲራክ ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ያን ቀን ራሱን ከፍ አድርገው አስተኙት፤ ጣቱ ላይም የኦክስጅን መለኪያ አሰሩለት። ዝማም እጁን ያዘች።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነገርኩህ። "አላንኮራፋም" አልከኝ።»

ከት ብሎ ሳቀ፤ ስፌቱ ቢያመውም ሳቁን አላቆመም። ከሆስፒታሉ ከመውጣቱ በፊትም ስለ እንቅልፉ ወደሚመረምረው ሐኪም ደብዳቤ እንዲጻፍለት ራሱ ጠየቀ።

በማግሥቱ፣ ሲራክ ገና ከሆስፒታሉ ሳይወጣ፣ ሰናይት ወረቀቷን ይዛ አጠገቡ ወደ ገባ አዲስ ታካሚ መጣች። ሰውየው ቶሎ ቶሎ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለ ይመልስላት ጀመር። ይህን ጊዜ ሲራክ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ወንድሜ!» አለው፤ «እሷ ልትጥልህ ሳይሆን እንዳትወድቅ ልትይዝህ ነው የምትጠይቅህ። ሁሉንም ንገራት!»

ሰውየው ጥቂት አቀረቀረ። ከዚያም እጁን ትራሱ ሥር ሰደደና የደበቀውን በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት አውጥቶ ሰጣት። ክፍሉ ውስጥ ያለ ታካሚ ሁሉ አጨበጨበለት።

ወዳጆቼ፣ ጠንካራ ሰው ሕመም የሌለበት ሰው አይደለም፤ ሕመሙን ሊረዳው ለሚችል ሰው ሳያፍር የሚናገር ነው። ጥሩ ባለሙያም «የለም» የሚል መልስ ስለሰማ ብቻ በሥራው የማይቸኩል ነው። አብሮን የሚኖር ሰው ደግሞ እኛ ስለ ራሳችን የማናውቀውን ያውቃልና ሲናገር እንስማው። እርስዎስ ነገ ተመሳሳይ ወረቀት ቢቀርብልዎት፣ «የለም» ብለው ሊያልፉት የሚፈልጉት ጥያቄ የትኛው ነው?