በሐሜት የተፈረደበት ጉድጓድ ጠባቂ

አንዲት የወረዳ ፍርድ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ አስካለ ትባላለች። አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ደብተር ገዝታ የርቀት ትምህርት የጀመረችው እዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለመቀጠር ብላ ነው። ሌላው ትምህርት እሺ ብሏታል። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ጊዜ ጣላት። ሦስተኛ ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች፤ መዝገብ ቤቱም ሕልም ሆኖ ይቀራል። የርቀት ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በማዕከሉ ተሰብስበው ከመምህር ይማራሉ።

ሁለቱንም ጊዜ የጣላት የአጭር ልብ ወለድ ትንተና ነው። በዚያ ከተማ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወሻ አለ፤ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፤ ተማሪው ሁሉ ግን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ታሪኩ ስለ ጅብም ይሁን ስለ ሠርግ፣ ማስታወሻው «ጭብጡ የትምህርት ጥቅም ነው» ይላል። አስካለም ነጠላ ሰረዟ እንኳ ሳትቀር ሸምድዳ ገልብጣ፣ ሁለቴ ዜሮ ታቀፈች። ምስኪን፣ እንቅልፏን አጥታ ያጠናችው እኮ ነው!

አንድ ቅዳሜ የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው መምህር ገዛኸኝ አጭር የእንግሊዝኛ ታሪክ አደላቸው፤ የከበዳቸውንም ቃል ፈታላቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በድርቅ ዘመን አንድ ሽማግሌ የመንደሩን ብቸኛ ጉድጓድ ከድኖ ይቆልፋል። ጠዋት ጠዋት ለየቤቱ አንዳንድ ጣሳ ውሃ ራሱ ያድላል፤ ቁልፉን ግን ለማንም አያስነካም። መንደርተኛው ስስታም እያለ ይረግመዋል። ክረምት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌው ይሞታል። ሰዎቹ ቁልፉን ከአንገቱ ፈትተው ቢከፍቱ ጉድጓዱ ደርቆ ሸረሪት አድርቶበታል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

መምህሩ ሽማግሌው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀ። ክፍሉ ባንድ አፍ ስስታም ነው አለ። ጭብጡስ ቢላቸው፣ የትምህርት ጥቅም አሉት። መምህሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ አስካለን አስነሳት።

አስካለ ስትቆም የሸመደደችው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። የቀራት ነገር ቢኖር ችሎቱ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት መጥረጊያ ይዛ በር ላይ ቆማ የሰማችው ክርክር። እየፈራች፣ ትንተና የሚባለውን እንደማታውቅ፣ በእነሱ ፍርድ ቤት ግን ይህ ሰው እንደማይፈረድበት ተናገረች። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም።

«ይቀጥሉ እንጂ፣ እትዬ አስካለ። ዳኛው እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጠይቃሉ?»

«መንደሩ ስስታም ነው ስላለ ምን ይሆናል፣ መምህር? እሱ ሐሜት ነው፣ ምስክርነት አይደለም። ተደብቆ ሲጠጣ ያየው ማን ነው? የትኛው መስመር ላይ ተጽፏል?»

ሁሉም ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ሲጠጣ ያየው የለም። ይልቅ ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ልጅ አንድ መስመር አገኘ፤ የሽማግሌው አህያ በየንጋቱ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር ይላል። አስካለም፣ ጠብታ ባልወረደበት አገር አህያ ጭቃ ከየት ያመጣል ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ተማሪ ከተራራው ማዶ ወንዝ እንዳለ የሚናገረውን መስመር አነበበች። ለካ ሽማግሌው ሌሊት ሌሊት ተራራ እያቋረጠ ውሃ ይቀዳላቸው ኖሯል።

ታዲያ ባዶ ጉድጓድ ለምን ቆለፈ ሲል አንዱ ጠየቀ።

«መድረቁን ቢያውቁ ቀያቸውን ጥለው በየመንገዱ ባለቁ ነበራ!» አለች አስካለ። «እስኪዘንብ እንዲቆዩለት ነው። ስድቡንም የቻለው ለዚሁ ነው።»

መምህር ገዛኸኝ እሰይ ብሎ አጨበጨበ። ትንተና ማለት ይኸው እንደሆነ ነገራቸው፤ አሁን ያሉትን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ፣ ለእያንዳንዱም ነገር መስመሩን እንዲጠቅሱ አዘዘ። ቃላቱን አስካለ ድሮም ታውቃቸዋለች፤ የቸገራት የምትለውን ማጣቷ ነበር። ያን ቀን ግማሽ ገጽ የራሷን ሐሳብ ጻፈች፤ ጎርባጣ ቢሆንም የራሷ ነው።

ፈተናው ደረሰ። የመጣው ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ የሚያወራ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ታሪክ ነበር። ማስታወሻውን የሸመደዱት ዛሬም የትምህርት ጥቅም ብለው ወጡ። አስካለ ግን ማን አለ፣ ማን አየ፣ የት ተጻፈ እያለች መስመር በመስመር መረመረች። ውጤቱ ሲለጠፍ ከመቶ ሰማንያ ሦስት፤ ከማዕከሉ አንደኛ! ደስታዋን መቻል አቅቷት ሰሌዳው ሥር ቆማ እልል አለች፤ ያ የሳቀባት ልጅም አብሯት እልል አለ። ዛሬ መዝገብ ቤት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ባለጉዳይ ታስተናግዳለች።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ወደው አይደለም። የሌላውን መልስ የሸመደደ፣ ጥያቄው ሲቀየር አፉን ይዞ ይቀራል። መርምሮ የደረሰበትን ግን የትም ቢወስዱት አይነጠቅም። ይህ ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይነበባል። ለመሆኑ እናንተ፣ ዛሬ ስለ ጎረቤታችሁ ያወራችሁትን ነገር በዓይናችሁ አይታችሁታል?