ነፍሰ ጡሩ ጅብና የንጉሡ አንቱታ

ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ደን ውስጥ ሥርዓት ያለው ኑሮ ነበር። ሣር የሚበላው ሣር ይበላል፤ ሣር በሊውን የሚበላው ደግሞ ተራውን ጠብቆ ይበላል። ቅሬታ ያለው እንስሳ አቤቱታውን ከመበላቱ በፊት እንዲያቀርብ ተፈቅዶለታል። ከሥርዓቶቹ ሁሉ የከበረው ግን የአንቱታ ሥርዓት ነበር። በዚያ ደን «አንቱ» የሚባሉት ንጉሡ አንበሳ ብቻ ናቸው። የቀረው፣ ሽማግሌም ይሁን ባልቴት፣ አንተ ወይም አንቺ ነው። «ክብር ለሁሉ ከታደለ ለእኔ ምን ይተርፈኛል?» ይሉ ነበር ንጉሡ።

ደኑ አንድ ደግ ነገርም ነበረው። ከገደሉ ሥር «የእናቶች ዋሻ» የሚባል ማዋለጃ አለ። እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም፤ ነብር ከሚዳቋ ጎን ተኝታ ታምጣለች። አዋላጇ እትዬ ስንዱ የምትባል ያረጀች ጃርት ነበረች። አዋላጅ ጃርት ስትሆን መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ እሷ ግን እሾኋን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ እጇን ታጥባ፣ ቀስ ብላ ስትቀርብ የፈራችው ሁሉ ትረጋጋለች። የደኑ እኩሌታ እጇ ላይ ነው የወደቀው። ያም ሆኖ ያዋለደቻቸው ሁሉ አድገው «አንቺ ስንዱ» ይሏታል። ሕጉ ነውና አይከፋኝም ትል ነበር።

አንድ ማለዳ ወደ ዋሻው በር አያ ቢተው የሚባል ጅብ መጣ። ሲወለድ ሴት ናት ተብሎ ነበር፤ ራሱን ሲያውቅ ግን ወንድ ነኝ አለ። ጅቦች በብዙ ነገር ይታማሉ፤ በዚህ ነገር ግን ብዙም ሳይከራከሩ «አያ ቢተው» ብለው ተቀበሉት፤ እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን። አሁን ሆዱ ገፍቷል።

በረኛው ባሻ ድልነሳ የሚባል ከርከሮ ነበር። ሕግ አክባሪ ነው። ሕጉ በትክክል ገብቶኝ ይሆን እያለ ስለሚጠራጠር ቃል በቃል ነው የሚይዘው።

«ማንን ልትጠይቅ መጣህ?» አለ ባሻ።

«ማንንም። የምወልድበትን ቀን ልነጋገር ነው።»

«ማን ነው የሚወልደው?»

«እኔ።»

ባሻ መጀመሪያ ሆዱን፣ ቀጥሎ ፊቱን አየ። «ሕጉ ወንድ አይገባም ይላል።»

«ስለ ሆድስ ምን ይላል?»

«ስለ ሆድ ዝም ነው ያለው።» ከርከሮው ጥቂት አሰበ። «አንድ መላ አለኝ። ሴት ነኝ በልና ግባ።»

«አንዲት ቃል መሆኗን አጥቼው አይደለም» አለ አያ ቢተው። «ግን ራሴን እዚህ በር ላይ ጥዬ ከገባሁ፣ ስወጣ ማን ይመልስልኛል?»

እትዬ ስንዱ ድምፅ ሰምታ ብቅ አለች። የገፋ ሆድ ስታይ ሌላ ነገር አይታያትም። «ምን ትቆሚያለሽ ልጄ፣ ግቢ እንጂ» አለችው፣ በፍቅር።

ጅቡ አንዴ አያትና ፊቱን አዙሮ ሄደ።

እሷም እዚያው ደርቃ ቀረች። ባለፈው ክረምት እንደሱ ያለ ሌላ ጅብ ወደ ዋሻው ሳይመጣ ጥሻ ውስጥ ብቻውን አምጦ ሞቷል። የጅብ ምጥ፣ በተለይ የመጀመሪያው፣ ክፉ ነው። ያን ጊዜ «ምነው በመጣልኝ ኖሮ» ብላ አዝናለች። ለምን እንዳልመጣ የገባት አሁን ነው። የገባትም ከራሷ አፍ በወጣ ደግ ቃል መሆኑ ቀኑን ሙሉ ሲቆጠቁጣት ዋለ። በማግስቱ ከንጉሡ ደጅ ሄዳ የበሩ ሕግ ይታይልኝ አለች።

ንጉሡ ስለ ምጥ የሚያውቁት ጩኸቱን ብቻ ነው። አፈ ንጉሣቸው ቀበሮ ግን ጆሮው ቆመ። ደኑ ስለ ንጉሡ የምሳ መጠን ማጉረምረም ጀምሮ ስለነበር፣ ሌላ የሚያጉረመርምበት ነገር ቢሰጠው መልካም ነው ብሎ ጉባኤ ጠራ።

ጉባኤው በተሰበሰበበት ዋርካ ሥር ቀድሞ የተናገረው ራሱ ቀበሮ ነው። «ማንም ቅር እንዳይለው» አለ፣ «እናት የሚለውን ቃል ከነአካቴው እናስቀር። ከእንግዲህ ወደ ዋሻው የሚገባው 'ከውስጡ ወደ ውጭ አዲስ ፍጡር የሚያስተላልፍ የደን ነዋሪ' ይባል።»

እርጉዟ ኤሊ ይህን ስትሰማ ስለ ሆድ ቁርጠት የተጠራ ስብሰባ መስሏት ተነሥታ ሄደች።

ቀጥላ የሻረግ የምትባል ሚዳቋ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል። «እኔ የወለድኳቸውን በልተዋቸዋል» አለች። ማን እንደበላቸው አልተናገረችም፤ ከንጉሡ በቀር ዓይኑን ያልሰበረ አልነበረም። «ከነሱ የተረፈኝ እናት መባሌ ነው። ይህንንም ልትወስዱብኝ ነው? አስተላላፊ ነዋሪ አይደለሁም። እናት ነኝ።»

ብዙዎች አጨበጨቡ። አጨብጫቢዎቹ ወዲያው ወደ አያ ቢተው ዞረው ተቆጡ፤ ሐሳቡ የቀበሮው መሆኑን ረስተውታል። ቀበሮም አላስታወሳቸውም።

አያ ቢተው ሆዱን ደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። «የሻረግ» አለ፣ «እኔ ስምሽን አልጠየቅሁም። ዋሻውም የእናቶች ዋሻ ተብሎ ይኑር፤ የኔን ስም እንዲይዝ አልፈልግም። የፈለግሁት በሩን ነው። ምጥ ፈርቻለሁ።»

ጅብ ፈራሁ ሲል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መሀል እትዬ ስንዱ ተናገረች። «ትናንት ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ ባሻ አይደለም። የሻረግን ነገ ሳዋልዳት እናት እላታለሁ፤ የሚከለክለኝ ቢኖር እሾሄን ያየዋል። እናት የሚለውን ብናጠፋ እንደ ኤሊ ስለሷ መሆኑን ሳታውቅ የምትሄድ ብዙ ናት። ከውስጥ ከገባን በኋላ ስለ አካል የማልጠይቀው የለም፤ ምጥ ሐፍረት አያውቅም። በሩ ላይ ግን በ'ግባ' እና በ'ግቢ' መካከል የሚሞት አለ። ቋንቋችን ለዚህ መላ አለው። ወንድም ሴትም ሳይል የሚያስገባ ቃል አለን። 'ይግቡ' ይባላል።»

የንጉሡ ጭራ ቀጥ አለ።

«'ይግቡ' የምባለው እኔ ነኝ» አሉ።

«ያውቁታል፣ ጥሩ ቃል ነው» አለች እትዬ ስንዱ።

ንጉሡ ተነሡ። ስለ እናት ቃልም ስለ ጅብም እስከዚያ ድረስ ደንታ አልነበራቸውም፤ አሁን ግን ነገሩ የራሳቸው ሆነ። «ያማጠ ሁሉ አንቱ ከተባለ ነገ እንቁራሪት አንቱ ልትባል ነው፤ እንቁራሪት በአንዴ ምን ያህል እንደምትፈለፍል ደግሞ ታውቃላችሁ። ስሙ። አንቱ የሚባለው ንጉሡ ብቻ ነው። ንጉሡን ከበር የሚመልስ ይበላል። ስለ ቀረው ቀበሮ ኮሚቴ ያቋቁም።»

ቀበሮ ኮሚቴውን አቋቋመ። ኮሚቴው ኮሚቴ መባል አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ እየተወያየ ሳለ የአያ ቢተው ምጥ መጣ።

ቀትር ነበር። ጅቡ እየተጎተተ ከበሩ ደረሰና ወደቀ። ባሻ ድልነሳ መንገዱ ላይ ተገትሮ አላበው። ግባ እንዳይል ሕጉ ወንድ ይከለክላል፤ ግቢ ቢል ይህ ጅብ ተነሥቶ እንደሚሄድ አይቷል። እትዬ ስንዱ እጇ በሌላ ምጥ ተይዞ ከውስጥ ትጣራለች።

የሻረግ ተራዋን እየጠበቀች ከበሩ ጥላ ሥር ተኝታ ነበር። ጅቡ ሲያቃስት ሰማች። እሷም የተበሉባትን ልጆች ስታምጥ እንዲሁ ነበር ያቃሰተችው። ጅብ ነው፤ ነገ ውጭ ቢያገኛት ምን እንደሚያደርጋት አታጣውም። ቢሆንም ተነሣችና ከራስጌው ቆመች።

«ይግቡ» አለችው።

ባሻ ዞሮ አያት። ሲያስብ ግንባሩ ላይ ያለው ቆዳ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። «አንቱ አልሽ?»

«አልኩ።»

«አንቱ የሚባሉት ንጉሡ ብቻ ናቸው» አለ ባሻ ቀስ እያለ። «ንጉሡን ከበር የሚመልስ ይበላል። እኔ መበላት አልፈልግም።» ከመንገዱ ገለል አለ። «ይግቡ፣ ጌታዬ።»

ምጡ እስከ ማታ ድረስ አልለቀቀም። እትዬ ስንዱ የማትጠይቀው አልነበረም። «የት ጋ ያመዎታል? ውኃው መቼ ፈሰሰ? አሁን አይግፉ፤ አሁን ይግፉ» ትላለች፤ እሱም እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ይመልሳል። የሻረግ የፊት እግሩን ይዛለት ነበር። የመጀመሪያው ግልገል ሞቶ ወጣ። እትዬ ስንዱ በቅጠል ጠቅልላ ጎኑ አኖረችለት። ሁለተኛው ግን ወጥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ አስነጠሰ።

አያ ቢተው ግልገሉን ሲልስ ቆይቶ ቀና አለ። «እግዜር ይስጥዎ፣ እትዬ» አላት።

አሮጊቷ ጃርት እጇን እያደረቀች ነበር። በዕድሜዋ «ይስጥዎ» ያላት ፍጡር የለም። ደርቆ የነበረውን እጇን እንደገና ታጠበች። ከዚህ በኋላ እሷ ማለት ስለሚከብደን እትዬ ስንዱን እኛም እሳቸው እንላለን።

የሻረግ በማግስቱ ወለደች። «ይግቡ» ተብላ ገባች፤ ውስጥ ደግሞ እትዬ ስንዱ እንደ ቃላቸው «አይዞሽ እናቴ» አሏት። ሁለቱንም ወደደችው። ከሷ በኋላ ነብርም፣ ጥንቸልም፣ ስለ ሆድ ቁርጠት ልትጠይቅ የተመለሰችው ኤሊም «ይግቡ» ተብለው ገቡ። አንዴ አንቱ የተባለ ደግሞ ቃሉን ዋሻው ውስጥ ትቶት አይወጣም። ከወንዙ ዳር ጥንቸል ጥንቸልን «እንዴት አደሩ?» ማለት ጀመረች። ሲብስም አንድ ዝንጀሮ ንጉሡን አይቶ «አንቱ ደግሞ የት ወለዱ?» አለ፤ ተንኮል አልነበረውም ይባላል።

ይህን ጊዜ ንጉሡ ቀበሮን አስከትለው ወደ ዋሻው ወረዱ። እትዬ ስንዱን ሊበሉ፣ በሩንም ሊዘጉ ነው። ባሻ ድልነሳ ከሩቅ ሲያያቸው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንኳን ደህና መጡ» አላቸው። «ምጥ ከጀመረዎ ቆየ?»

«እኔ ንጉሡ ነኝ» አሉ አንበሳው።

«አዎን ጌታዬ፣ እዚህ የሚገባው ሁሉ እንደዚያው ነው። አይፍሩ፤ የእትዬ እጅ ቀላል ነው። እዚያ ጋ ጋደም ይበሉልኝ።»

«አልወልድም።»

የባሻ ግንባር ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያው ጠያቂ ነህ ማለት ነው። ጠያቂ አንቱ አይባልም፤ አንተ ነው የሚባለው። አንተ የተባለ ወንድ ደግሞ አይገባም፤ ሕጉ የራስዎ ነው። አንቱ ከሆኑ ይተኛሉ፣ አንተ ከሆንክ ትመለሳለህ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። የትኛው ይሁን?»

ንጉሡ ወደ ቀበሮ ዞሩ። ቀበሮ ገደሉ ላይ የሚታይ ነገር አግኝቶ አንጋጦ ነበር። ከውስጥ ግልገሎች ይጮኻሉ። ከጥላው ሥር ተራቸውን የሚጠብቁት ነፍሰ ጡሮች ሁሉ አንገታቸውን ወደ በሩ አሰገጉ። ንጉሡ አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ወዴት እንደሚያሳርፉት ግን አላወቁም።

«ባሻ፣ በሩ ላይ ማን ነው?» አሉ እትዬ ስንዱ ከውስጥ።

«ገና አልለየላቸውም፣ እትዬ» አለ ባሻ። «እያሰቡ ነው።»